ራሽናሌው ላይ ምን ልጻፍ?

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፦ «ጽሑፉን ጨርሻለሁ፤ ራሽናሌው ላይ ግን ምን ልበል?»

ለማታውቁት፣ ራሽናሌ ማለት ተማሪው ለማርክ ከሚያስገባው ጽሑፍ ጋር የሚያያይዛት፣ ለምን እንደዚያ አድርጎ እንደጻፈ የሚያስረዳባት አጭር ማብራሪያ ናት። በአይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በነበረው አሠራር ዋናው ጽሑፍ ከ800 እስከ 1000 ቃል፣ ራሽናሌው ከ200 እስከ 300 ቃል ነበር። ከ20 ማርክ 2ቱ የእሷ ነበሩ። አሠራሩ ከተቀየረ በኋላም እኔ ለክፍል ሥራ አልተውኳትም። የካምብሪጅን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት (9093) የምትወስዱ ደግሞ ሁለተኛው ፔፐር ላይ ከ400 ቃል ያልበለጠ ጽሑፍ ጽፋችሁ እዚያው በራሳችሁ ሥራ ላይ ማብራሪያ ትሰጣላችሁ፤ ለጽሑፉ 15፣ ለማብራሪያው 10። «ሁለት ማርክ ናት» ብሎ መናቅ እዚያ አይሠራም።

ልጆቹን አልወቅስም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናችን እንግሊዝኛውም ጭምር ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያጠቆረ ያደገ ልጅ «ለምን እንዲህ ጻፍክ?» ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። በዚያ ላይ የራስን ሥራ ማብራራት ራስን ማወደስ ይመስለናል። ስለዚህ ወይ ታሪኩን አሳጥሮ ይደግመዋል፣ ወይ «ጽሑፌን ማራኪ ለማድረግ ስሜት ቀስቃሽ ቃላት ተጠቅሜያለሁ» ይላል። ይህችን አረፍተ ነገር ከማንኛውም ልጅ ጽሑፍ ላይ ብትለጥፏት ትሄዳለች። ችግሯም እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» (1958) ሲያልቅ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎ ራሱን ሰቅሏል። እንግሊዛዊው የወረዳ አስተዳዳሪ ሬሳው እንዲወርድ አዝዞ ሲሄድ የሚያስበው ስለሚጽፈው መጽሐፍ ነው፤ ለዚህ ሰውዬ ሙሉ ምዕራፍ ባይሆን እንኳ አንድ አንቀጽ አይበዛበትም ይላል። አንዲት ተማሪዬ ያንን ምዕራፍ ራሷ ጻፈችው። ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ በሰፊው፣ ስለ ኦኮንክዎ አንድ አንቀጽ። ድንቅ ሐሳብ ነው፣ ግን አደገኛ፦ ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ንቀት ነው፤ ንቀቱ የአስተዳዳሪው ይሁን የልጅቷ የሚለይ ምልክት ገጹ ላይ የለም። ያንን መለየት የራሽናሌው ሥራ ነበር። እሷ ግን «ቅኝ ገዢዎች አፍሪካውያንን እንዴት ያዩ እንደነበር ለማሳየት ሞክሬያለሁ» ብላ አቆመች።

«የኦኮንክዎ ስም የትም የለም፤ ረስተሽው ነው?» አልኳት።

«ኧረ ቲቸር! አስተዳዳሪው ስሙን ለምን ይጽፋል? ለሱ እኮ ሰው አይደለም።»

«እና ይህን ለምን አልጻፍሽውም?»

«ግልጽ ነው ብዬ።»

በሁለተኛው ራሽናሌዋ ላይ እንዲህ ስትል መጣች፦ «ተራኪዬ የሚጽፈው አገሩን አይተው ለማያውቁ የእንግሊዝ አንባቢዎች ነው። ስለዚህ የሟቹን ስም አላነሳሁም፤ ‹ግለሰቡ› ብቻ አልኩት። ወረዳውን ‹ጸጥ አሰኘን› ይላል እንጂ ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም። ልብ ወለዱ 25 ምዕራፍ የፈጀበትን ምክንያት እሱ በአንድ አረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ ዝናቡን ያስረዘምኩት ይህ እንዲታይ ነው።» አያችሁ? ምን እንደወሰነች፣ ለምን፣ ጽሑፉ ውስጥ የት እንደሚገኝ። እንደዚህ ተብሎ ሲነበብ ያ ቀዝቃዛ አንቀጽ ሌላ አንቀጽ ሆነ፤ አንድ ቃል ሳይቀየርበት።

ያላደረጋችሁትን ግን አትጻፉ። ራሽናሌው «ምጸት ተጠቅሜያለሁ» ብሎ ጽሑፉ ውስጥ ምጸት ከሌለ፣ አራሚውን ጉድለታችሁ ላይ በራሳችሁ ጣት ጠቆማችሁት ማለት ነው። ቻትጂፒቲ የሚጽፍላችሁም እንደዚሁ ነው፤ ለሱ ሁሉም ነገር የተደረገው «መልእክቱን ለማጉላት» ነው። አንብቤ ሰልችቶኛል።

የምትጽፉት ከጠፋችሁ የሰረዛችሁትን ተመልከቱ። መጀመሪያ በ«እኔ» ጀምራችሁ ወደ «እሱ» ከቀየራችሁ፣ መግቢያውን ቆርጣችሁ ከጣላችሁ፣ ያኔ አንድ ምክንያት ነበራችሁ፤ ራሽናሌው እሱ ነው። ረቂቃችሁን አታጥፉት ስል የከረምኩትም ለዚህ ነው።

የዚህ ሳምንቱን ሥራ ዓርብ ማታ ድረስ እቀበላለሁ። ራሽናሌው ከፊት ይሁን፣ ከ300 ቃል አይለፍ፣ በድምፅ መልእክት አትላኩልኝ።