ሳይታመሙ መመርመር፦ የማኅፀን በር ካንሰርና ስደተኛ ሴቶች

እ.ኤ.አ. በ1913 አንድ ግሪካዊ ሐኪምና ባለቤታቸው ኒው ዮርክ ወደብ ላይ ከመርከብ ወረዱ። እርሳቸው ምንጣፍ በሚሸጥበት ሱቅ፣ ባለቤታቸው ደግሞ በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ቁልፍ እየሰፉ የስደት ኑሯቸውን ጀመሩ። ሐኪሙ ጆርጅ ፓፓኒኮላው፣ ባለቤታቸውም አንድሮማኪ ይባሉ ነበር። ዛሬ በመላው ዓለም «ፓፕ» እየተባለ የሚጠራው የማኅፀን በር ምርመራ ስሙን ያገኘው ከእኚህ ስደተኛ ነው።

ዶክተር ፓፓኒኮላው ጥቂት ቆይተው በኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ሥራ አገኙ፤ በዚያም ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ የመራቢያ ዑደት ከብልቷ በሚወሰድ ናሙና አማካይነት ማጥናት ያዙ። ዘዴው በሰው ላይ ይሠራ እንደሆነ ለመፈተን ሲነሡ ናሙናውን የሰጧቸው ባለቤታቸው ነበሩ፤ ወይዘሮ አንድሮማኪ ይህን ከሃያ ዓመታት በላይ አድርገዋል። ከዚህም አልፈው ሴት ወዳጆቻቸውን ቤታቸው ጋብዘው እነርሱም ናሙና እንዲሰጡ እንዳግባቡ፣ ከተጋባዦቹም በአንዷ ላይ ኋላ ካንሰር እንደተገኘ ይተረካል። ስለ ዶክተሩ ማይክሮስኮፕ ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የምናተኩረው በግብዣው ላይ ነው።

እርግጥ ማይክሮስኮፑም ቢሆን ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1928 ሲቀርብ አድማጭ አጣ፤ ዶክተሩ ከኸርበርት ትራውት ጋር ሆነው ጥናታቸውን በ1941 እስኪያሳትሙ ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ተቆጠረ።

በሽታው የሚሰጠው ጊዜ

ውድ አንባብያን፣ ለመሆኑ ምንም የማያማት ሴት ሐኪም ቤት የምትሄደው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው በበሽታው ተፈጥሮ ውስጥ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በምሕጻሩ ኤች.ፒ.ቪ.፣ የተባለ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የዚህን ግንኙነት መሠረት ያስያዙት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቫይረሱ እጅግ የተስፋፋ ነው፤ የሚይዛቸው ብዙዎቹ ሰዎችም መያዛቸውን ሳያውቁት ሰውነታቸው ራሱ ያስወግደዋል። በጥቂቶች ላይ ግን ይቆያል። በተለይ ከዚህ ካንሰር ወደ 70 በመቶ ለሚሆነው ተጠያቂ የሆኑት ቁጥር 16 እና ቁጥር 18 ዝርያዎች ሲቆዩ፣ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉት የቫይረሱ ፕሮቲኖች የሕዋስን መባዛት የሚገቱትን ፒ53 እና አር.ቢ. የተሰኙ ፕሮቲኖች ያሰናክላሉ። ልጓሙ የተፈታለት ሕዋስም ያለ ሥርዓት መባዛት ይጀምራል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይሆንም። የመከላከል ኃይሏ ባልተዳከመ ሴት ላይ ለውጡ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ የመከላከል ኃይሏ በተዳከመ፣ ለምሳሌ ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባት ሕክምና ባላገኘች ሴት ላይ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት። በዚህ ዘመን ሁሉ ሕመምም መድማትም የለም። የተለወጡት ሕዋሳት በዚሁ ጊዜ ከተገኙ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት በአጭር ሕክምና ይወገዳሉ፤ ሴትዮዋም በአብዛኛው በዚያው ዕለት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በዓለም ላይ በ2022 ብቻ ወደ 350,000 የሚጠጉ ሴቶች የሞቱት ግን እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ ከሚሰጥ በሽታ ነው። እጅግ የሚበዙት በድሆች አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በሀብታሞቹም አገሮች ቢሆን ሞቱ የሚጸናባቸው ሴቶች ምርመራው ያልደረሳቸው ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል ስደተኞች ይገኙበታል።

በሳንታ ክላራ የተደረገው ሙከራ

የቬትናም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1975 ካበቃ በኋላ እጅግ ብዙ ቬትናማውያን ወደ አሜሪካ ገብተው፣ ብዙዎቹም በካሊፎርኒያ ሰፈሩ። ከ1988 እስከ 1992 ድረስ ያለው የካንሰር መዝገብ ሲመረመር፣ በአሜሪካ ከሚኖሩ 100,000 ቬትናማውያት መካከል በየዓመቱ 43ቱ በማኅፀን በር ካንሰር ይያዙ እንደነበር ታወቀ። ይህ በነጮች ላይ ከታየው አምስት እጥፍ ያህል ነው። ምርመራው በየከተማው ይገኛል፤ ሴቶቹ ግን አይሄዱበትም። ያደጉት ጤነኛ ሰው በማይመረመርበት አገር ነው፤ በእንግሊዝኛ መናገር ይቸግራቸዋል፤ በወንድ ሐኪም ፊት መገለጥም ያሳፍራቸዋል።

በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ አውራጃ ተመራማሪዎችና የማኅበረሰቡ ድርጅቶች ተባብረው ከ2001 እስከ 2004 አንድ ሙከራ አካሄዱ። 1,005 ቬትናማውያትን መርጠው በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ለሁለቱም ቡድኖች በቬትናምኛ ትምህርት በመገናኛ ብዙኃን ተሰራጨ። ለአንደኛው ቡድን ብቻ ተጨማሪ ነገር ተደረገለት፤ ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ፣ የጤና ባለሙያዎች ያልሆኑ ነገር ግን ሥልጠና የተሰጣቸው ሰዎች ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ሁለት ጊዜ አገኟቸው። ልብ በሉ፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ውጤቱም እንዲህ ሆነ። በመገናኛ ብዙኃን ብቻ በተማሩት ዘንድ ምርመራውን ያደረጉት ከ70.1 በመቶ ወደ 75.5 በመቶ ከፍ አሉ። ሰው ባነጋገራቸው ዘንድ ግን ከ65.8 በመቶ ወደ 81.8 በመቶ ዘለሉ። ከዚያ በፊት ጨርሶ ተመርምረው በማያውቁት ሴቶች መካከል ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ ከመጀመሪያዎቹ 27.1 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 46 በመቶ ተመረመሩ።

የሳይንስ ተማሪ እዚህ ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። ማነጻጸሪያ ቡድን ባይኖር ኖሮ የ16 ነጥቡ ጭማሪ በሙሉ የአነጋጋሪዎቹ ሥራ ተደርጎ በተቆጠረ ነበር፤ ከ5 ነጥብ የሚበልጠው ግን ያለ እነርሱም እንደሚመጣ ሌላኛው ቡድን አሳይቷል። ሌላም ጥያቄ አለ። መረጃው የተሰበሰበው ሴቶቹን በመጠየቅ ስለሆነ፣ የምታውቃትን ሰው ላለማሳዘን «ተመርምሬአለሁ» የምትል አትጠፋም። እንዲህም ሆኖ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለውን ስፋት በይሉኝታ ብቻ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በፊት ካልተመረመሩት መካከል ሰው ሄዶ ያነጋገራቸውም ቢሆኑ 54 በመቶዎቹ አልተመረመሩም።

ደግሞም አነጋጋሪዎቹ ብቻቸውን አልተሠማሩም። በዚያው አውራጃ ቬትናምኛ ተናጋሪ ሴት ሐኪም የምትሠራበት፣ ክፍያው ዝቅተኛ የሆነ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። «ሂጂ» የተባለችው ሴት የምትሄድበት ቦታ ነበራት ማለት ነው።

አማርኛው ሲመጣ

ኢትዮጵያውያት በብዛት በሚኖሩባቸው በዋሽንግተንና አካባቢዋ፣ በሲያትል፣ በሚኒያፖሊስ ያለው ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በኢትዮጵያ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ዐዋቂ ሆነው የተሰደዱት ክትባቱ ያመለጣቸው ስለሆኑ፣ የቀራቸው መከላከያ በየጊዜው መመርመር ነው።

እዚህ ላይ በትርጉም ብቻ የማይፈታ ችግር ይገጥመናል። «ምርመራ» በአማርኛ የሐኪምም የፖሊስም ሥራ ነው። በዐረብ አገሮች አልፋ የመጣች ሴት ደግሞ ምርመራን የምታውቀው ቲቢ፣ ኤች.አይ.ቪ. ወይም እርግዝና ተገኝቶባት ከጉዞ የምትቀርበት በር አድርጋ ነው። «ነቀርሳ» ካንሰርን ሲገልጽ የኖረ ቃል ቢሆንም፣ ያው ቃል ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» ያሰኘ ስለሆነ፣ የሰማችው እናት በሽታው በትንፋሽ ይተላለፋል ብላ ብትፈራ አይፈረድባትም። «ፖዘቲቭ» የሚለውም ቃል በእኛ ዘንድ የሚያስታውሰው አንድ በሽታ ብቻ ነው። አንዲት ባለ ትዳር «ኤች.ፒ.ቪ. ፖዘቲቭ ነሽ» ስትባል መጀመሪያ የምታስበው ስለ ማኅፀኗ ሳይሆን ስለ ባሏ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ለብዙ ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቆይ ስለሚችል ዛሬ መገኘቱ መቼም ሆነ ከማን እንደመጣ አይናገርም፤ ይህን ግን አንድ ሰው ቀድሞ ሊነግራት ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ የሚችለው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ አስተርጓሚ ሆኖ አጠገቧ ከተቀመጠማ፣ ሐኪሙ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ሲጠይቃት ምን ብላ ትመልሳለች?

በሲያትል የሚገኘው ሃርበርቪው ሆስፒታል በ1990ዎቹ ይህን በመረዳት አስተርጓሚዎች ቃል ከማሸጋገር አልፈው የታካሚዋን ባህል ለሐኪሙ፣ የሐኪሙንም አሠራር ለታካሚዋ የሚያስረዱበትን ሥራ ጀምሯል፤ ከተገለገሉበት ማኅበረሰቦች መካከል የኢትዮጵያውያንና የኤርትራውያን ይገኙበታል። ከሆስፒታል ውጭም መንገዱ ተጠርጎ የተቀመጠ ነው። ዕድር፣ የጽዋ ማኅበር፣ የመስጊድ ሴቶች ስብስብ፣ ሦስት ስኒ የሚጠጣበት የቡና ሥርዓት፤ እነዚህ ሁሉ በስደትም አልጠፉም። ቡናው አቦል ሲሆን የተነሣ ወሬ በረካ ላይ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የሚያውቅ፣ በራሪ ወረቀት ለማሳተም የሚወጣውን ገንዘብ ለሌላ ነገር ቢያውለው ይመርጣል።

ናሙናውን ራስዋ ስትወስድ

በቅርብ ዓመታት ነገሩን የሚያቀልል ዘዴ መጥቷል። ኤች.ፒ.ቪ.ን በቀጥታ የሚፈልገው ምርመራ እንደ ፓፕ የሕዋሳትን መልክ ስለማያይ፣ ናሙናው የግድ ከማኅፀን በር ላይ መወሰድ የለበትም፤ ሴትዮዋ ራስዋ ከብልቷ ውስጥ በጥጥ በተጠቀለለ ዘንግ ልትወስደው ትችላለች። አውስትራሊያ ይህን ምርጫ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ መመርመር ለሚገባቸው ሴቶች በሙሉ ፈቅዳለች። በአሜሪካም በ2024 በጤና ተቋም ውስጥ፣ በ2025 ደግሞ በቤት ውስጥ ለመጠቀም የተዘጋጁ መሣሪያዎች ፈቃድ አግኝተዋል። ለዐይነ አፋሯ ሴት ከባዱ ነገር፣ በሌላ ሰው ፊት መገለጡ፣ ቀርቷል ማለት ነው።

የቀረው ግን ይህ ብቻ ነው። መሣሪያው በትንሽ ሣጥን ታሽጎ ሲመጣ በውስጡ መመሪያ አለው፤ ውጤቱም ቫይረሱ አለ ካለ ወደ ክሊኒክ መሄድ አይቀርም። ሣጥኑን ከፍታ ዘንጉን እያየች የምታመነታው ሴት በዚያች ሰዓት ማንን ትደውልላታለች? ወይዘሮ አንድሮማኪ ቤት የተጋበዙት ሴቶች ጥያቄያቸውን እዚያው፣ ከአስተናጋጃቸው ጋር ተቀምጠው መጠየቅ ይችሉ ነበር።