ማቆሚያው የሚታይ ዙር

ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን የመራዊን ከተማ እናገኛለን። በአቅራቢያዋ ያለው የቆጋ ግድብ የተሠራው 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ ለማልማት ነው። የመስኖ ውሃ ለሁሉም ማሳ በአንድ ጊዜ ስለማይዳረስ በተራ ይታደላል። የተራው ደንብ በአጭሩ ቢጻፍ «ከመጀመሪያው ማሳ ጀምር፤ ማሳው ሲጠጣ ውሃውን ወደ ቀጣዩ መልስ፤ የመጨረሻው ማሳ ሲጠጣ አቁም» የሚል ይሆናል።

የፕሮግራም ጸሐፊዎች «ሉፕ» የሚሉት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ «ዙር» የምንለው ትእዛዝ ከዚህ ደንብ አይለይም። ማንኛውም ዙር መነሻ፣ በየጊዜው የሚለወጥ ነገርና ማቆሚያ አለው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ እይታ ከታዩ ዙሩ ግልጽ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተሰወረ ግን ውሃው በአንድ ማሳ ላይ እንደተኛ ያድራል፤ የታችኛው ገበሬ ሰብልም ይደርቃል።

ይህ በእርግጥ ደርሷል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2008) የማይክሮሶፍት ኩባንያ ምርት የሆኑት ባለ 30 ጊጋባይት «ዙን» የሙዚቃ ማጫወቻዎች በድንገት ደርቀው ቀሩ። መንስኤው ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቆጠሩትን ቀናት ወደ ዓመት የሚመነዝር አንድ ዙር ነበር። በአማርኛ ብናስቀምጠው የሚከተለውን ይመስላል፦

ቀን ከ365 እስከበለጠ ድረስ ድገም፦
— ዓመቱ ባለ 366 ቀን ከሆነና ቀን ከ366 ከበለጠ፣ 366 ቀንስ፤ ዓመትን በ1 ጨምር።
— ዓመቱ ባለ 365 ቀን ከሆነ፣ 365 ቀንስ፤ ዓመትን በ1 ጨምር።

የዚያ ዓመት የመጨረሻ ቀን 366ኛው ነበር። ቀኑ ከ365 ይበልጣልን? አዎን፤ ስለዚህ ዙሩ ይቀጥላል። ከ366 ይበልጣልን? አይበልጥም፤ ስለዚህ ምንም አይቀነስም። ምንም ስላልተለወጠ መሣሪያው ያንኑ ጥያቄ ያለማቋረጥ ሲጠይቅ ዋለ። ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክር ባትሪው እስኪያልቅና ቀኑ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበር።

«ዓመቱ ባለ 366 ቀን ሆኖ ቀን 366 ከሆነ ውጣ» የሚል መስመር መጨመር ስሕተቱን ያርመዋል፤ ዙሩን ግን ሁለት ማቆሚያ ያለው ያደርገዋል። የተሻለው ማቆሚያውን አንድ ማድረግ ነው፦

ቀን ከዓመቱ ርዝመት እስከበለጠ ድረስ ድገም፦
— የዓመቱን ርዝመት ከቀን ቀንስ።
— ዓመትን በ1 ጨምር።

«የዓመቱ ርዝመት» የሚለው ለብቻው ይሰላል፤ በየዙሩም ለደረስንበት ዓመት እንደገና ይጠየቃል። አሁን 366 ከ366 ስለማይበልጥ ዙሩ ያለ ችግር ይቆማል።

ጉዳዩ ለእኛ የሩቅ አይደለም። በዘመን አቆጣጠራችን ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ነበር፤ 2019 ዓ.ምም እንዲሁ ነው። አንድ ተማሪ የመራዊን ገበሬዎች የውሃ ተራ በቀን የሚያሰላ ፕሮግራም ቢጽፍና ዙሩ እንደ መጀመሪያው ቢሆን፣ ፕሮግራሙ ለዓመታት በትክክል ሠርቶ ጳጉሜን 6 ቀን ይደርቃል። በሌሎቹ ቀናት በመሥራቱም ማንም አይጠረጥረውም።

ስለዚህ ዙር ስትጽፉ ተለዋዋጮችን «ሀ» እና «ለ» ሳይሆን «ቀን» እና «ዓመት» በሉ፤ ማቆሚያውን በአንድ ቦታ አስቀምጡ፤ በየዙሩ ወደ ማቆሚያው የሚያቀርብ ለውጥ መኖሩን አረጋግጡ። በመጨረሻም በወሰኑ ላይ ሞክሩት፦ በ365፣ በ366 እና በ367። ዙር የሚፈተነው በመካከሉ ሳይሆን በዳርቻው ነውና።