ሃርድ ዲስክ ከማዘዝ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የዳታ ማዕከሎቻቸውን አቋቁመዋል። የመረጃ ማከማቻ ፍላጎት በአጠገባችን ሲያድግ፥ ሃርድ ዲስክ የሚያስመጣውም ሆነ በቦሌ መደብሮች የሚቸረችረው ነጋዴ ገበያው እንዲሰፋለት ተስፋ ማድረጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ብዙ መረጃ ይይዛል፥ ዋጋውም ቀለል ያለ ነው ተብሎ የሚቀርብ ዲስክ ሁሉ ለማንኛውም ኮምፒዩተር እንደማይስማማ ማወቅ ያስፈልጋል።

በተለመደው ዲስክ መረጃ የሚጻፍባቸው መሥመሮች ሳይደራረቡ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ኤስ ኤም አር በተባለው ዐይነት ግን፥ በአንድ ስፋት ብዙ መረጃ ለማኖር ሲባል፥ መሥመሮቹ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በጠርዛቸው ይደራረባሉ። በዚህም ምክንያት ከመካከል አንዱን መሥመር እንደገና መጻፍ ቀጥሎ ያለውን ያበላሻል። ስለዚህ ዲስኩ ዞን በሚባሉ ክፍሎች ይመደባል፤ የአንዱ ዞን መጠን ብዙውን ጊዜ 256 ሜጋባይት ነው። በዞኑ ውስጥ መረጃ የሚጻፈው ከመነሻው ጀምሮ በተራ ነው፤ የተጻፈውን ለመለወጥም ዞኑን እንደገና ከመነሻው መጀመር ግድ ይሆናል።

ይህንን ተራ የሚያስጠብቀው ማን እንደ ሆነ መለየት ለነጋዴው ዋና ነገር ነው። ድራይቭ ማኔጅድ በሚባለው ዐይነት ሥራውን ዲስኩ ራሱ ያከናውናል፤ በማንኛውም ኮምፒዩተር ቢሠራም፥ ያለ ዕረፍት ሲጻፍበት ይዘገያል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ዌስተርን ዲጂታል ሬድ በተባሉ አንዳንድ ዲስኮቹ ይህንን አሠራር ለገዢዎች ሳይገልጽ በመቅረቱ ብርቱ ቅሬታ ተነሥቶበት ነበር።

ሆስት ማኔጅድ በሚባለው ግን ኀላፊነቱ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ነው። ዊንዶውስ ይህንን ዲስክ አያስተናግድም። ሊኑክስ በከርነል 4.10 በ2017 ዓ.ም. ድጋፉን ጀመረ፤ ቢቲአርኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዐት በከርነል 5.12 በ2021፥ ኤክስኤፍኤስም በከርነል 6.15 በ2025 ተከተሉ።

እንግዲህ አስመጪው ኤልሲ ከመክፈቱ በፊት የዲስኩ ዐይነት በፕሮፎርማው ላይ በግልጽ እንዲጻፍለት አቅራቢውን ይጠይቅ። ደንበኛውንም በየትኛው ሲስተምና በየትኛው ከርነል እንደሚሠራ ይጠይቀው። ባለመደብሩም ዲስኩን ከመሸጡ በፊት ዐይነቱን ለገዢው ይንገረው። ይህ ሳይደረግ ቢቀር የውጭ ምንዛሪ የወጣበት ዕቃ ያለ አንዳች ጉድለት ገዢ አጥቶ በመጋዘን ይቀመጣል።