ጓያ ብቻውን ሲበላ፦ በድርቅ ጊዜ በሰውነታችን ውስጥ ስለሚፈጸመው የኬሚስትሪ ሥራ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፎ ደንዲ ወረዳ ሲገባ፣ በጊንጪ ከተማ ዙሪያ የተንጣለለ ጥቁር የመረሬ መሬት ያያል። በአካባቢው ኮትቻ የሚባለው ይህ አፈር በክረምት ውኃ አቁሮ በሬ የሚያሰምጥ፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ የሚጠጥር ነው። ስለዚህ ገበሬው ክረምቱ እስኪያልፍ ታግሦ፣ በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ጊንጪ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ጣቢያም ውኃ በሚያቁር መሬት አያያዝ ላይ ሲሠራ የቆየው ይህንኑ ችግር ለማቃለል ነው።

ከእነዚህ ሰብሎች መካከል ጓያ የተለየ ጠባይ አለው። የውኃ መተኛትንም ሆነ የውኃ እጦትን ይችላል፤ ብዙ እርሻና አረም አይጠይቅም፤ እንደ ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ሁሉ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ መሬቱን ያዳብራል። ከፍሬው ክብደት ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያም የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። ዝናብ ቀርቶ ጤፉና ስንዴው ሲከዱ ጓያ አይከዳም። በአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ብዙ ቤተሰብ ክፉ ቀንን የተሻገረው በዚህ ሰብል ነው። ሆኖም ይኸው የክፉ ቀን ወዳጅ ለብዙ ወራት ብቻውን ሲበላ ጤነኛውን ጎልማሳ በምርኩዝ ያስኬዳል። ይህ ለምን እንደሚሆን ለማወቅ በሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ረቂቅ ሥራ መመልከት ያስፈልጋል።

ኢንዛይም ምንድን ነው?

የምንበላው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ሳይቋረጥ ይፈርሳል፣ ይገነባል፣ ይለወጣል። ይህ የለውጥ ሥራ በሳይንስ ቋንቋ ሜታቦሊዝም ይባላል። ሥራውን የሚያቀላጥፉት ደግሞ ኢንዛይም የሚባሉ ከፕሮቲን የተሠሩ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱ ኢንዛይም የተወሰነ ተግባር አለው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሥራውን ፈጽሞም እርሱ ራሱ አያልቅም፤ ያንኑ ተግባር በተደጋጋሚ ያከናውናል።

የኢንዛይምን ሥራ ለማየት የጠላ ጠማቂዋን ቤት መጎብኘት ይበቃል። ገብሱ ርሶ ሲበቅል በውስጡ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ይበዛል። ብቅሉ ተፈጭቶ ከእህሉና ከውኃው ጋር ሲቀላቀል ይህ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾውም ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። በምራቃችንና በአንጀታችን ውስጥ ያለው አሚሌዝም ከእንጀራው ስኳር የሚያወጣው በዚሁ ዓይነት አሠራር ነው።

ኢንዛይሞችና ሌሎች ፕሮቲኖች የሚሠሩት አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ያህል ንጥረ ነገሮች ነው። ከእነዚህ መካከል ሰውነት ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸው አሉ፤ እነርሱን የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። አንዱ በውስጡ ድኝ ያለበት ሜቲዮኒን ነው። ሰውነት ከሜቲዮኒን ሲስቲን የተባለውን ሌላ ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ይሠራል። ከሲስቲን ደግሞ በሁለት ኢንዛይሞች አማካይነት ግሉታታዮን የሚባል ነገር ይሠራል። ግሉታታዮን በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ጎጂ ነገሮችን የሚያከሽፍ ዘብ ነው። ጓያ ምንም እንኳን በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆን በሜቲዮኒንና በሲስቲን ድሃ ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ግን ከጓያ የተሻለ አላቸው። ይህ ልዩነት ለጉዳያችን ዋና ቁልፍ ነው።

በጓያ ውስጥ ያለው መርዝ

በጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ በሚል አኅጽሮት የሚታወቅ አሚኖ አሲድ አለ። በሕንድ አገር ተመራማሪዎች ለይተው ያወቁት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬው ክብደት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ሰውነት ፕሮቲን ለመሥራት አይጠቀምበትም፤ ተክሉ ግን በራሱ ኢንዛይሞች ደረጃ በደረጃ ያዘጋጀዋል። ተክሉ ውኃ ሲጠማው የመርዙ መጠን እንደሚጨምር በጥናት ታይቷል። እንግዲህ ድርቅ በአንድ ጊዜ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ የተቀረውን እህል ከቤት ያጠፋል፣ በቤት የቀረውን ጓያ ደግሞ የባሰ መርዛም ያደርገዋል።

ኦዳፕ የሚጎዳው በመመሳሰል ነው። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት ከሚያስተላልፍባቸው ነገሮች አንዱ ግሉታሜት የሚባል አሚኖ አሲድ ነው። ግሉታሜት መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ቶሎ ይነሣል፤ ሕዋሱም ያርፋል። ኦዳፕ በቅርጹ ግሉታሜትን ስለሚመስል በእርሱ መቀበያ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን ሕዋሱን ከልክ በላይ ይቀሰቅሰዋል። ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ይጎርፋል፤ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ ይታወካል፤ ጎጂ ነገሮችም ይከማቻሉ። በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገው ዘብ ግሉታታዮን ነው። ይሁን እንጂ ኦዳፕ ሲስቲን ወደ ሕዋሱ የሚገባበትን መንገድ ጭምር እንደሚያውክ ታውቋል። ከምግቡም ድኝ ያለበት አሚኖ አሲድ ካልመጣ ዘቡ በሁለት በኩል ይመናመናል።

ረኀብ ይህን ሁሉ ያባብሰዋል። የተራበ ሰው በጉበቱ ያጠራቀመውን ስኳር በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ስቡን ያነድዳል፤ የጡንቻውንም ፕሮቲን እያፈረሰ ስኳር ይሠራበታል። ለኢንዛይምና ለግሉታታዮን ሥራ ሊውል የሚገባው አሚኖ አሲድ ለማገዶ ይውላል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በጥጋብ ዘመን ያለ ጉዳት የበላው ጓያ በረኀብ ዘመን ሊጎዳው ይችላል።

ምልክቱና ታሪኩ

በሽታው በሳይንስ ላቲሪዝም ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚከሠተው ጓያ ለሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ዋና ምግብ ሆኖ ሲቆይ ነው። በሽተኛው እግሩ ይከብደዋል፣ ይገተራል፣ ጡንቻውም ይሸማቀቃል። አንዳንዱ ከከባድ ሥራ በኋላ ወይም ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ በድንገት እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። በተለይ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። በሽታው የቀለለለት ያለ ምርኩዝ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ የባሰበት በአንድ ወይም በሁለት ምርኩዝ ይደገፋል፤ እጅግ የጸናበት ይድሃል። አእምሮው አይነካም፣ ዕድሜውም በዚህ አያጥርም፤ ይሁን እንጂ የተጎዳው ነርቭ አይመለስም። የሚፈውሰው መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም።

ይህ በሽታ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943፣ ዛሬ በዩክሬን ውስጥ ባለው የቫፕኒያርካ ካምፕ የታሰሩ አይሁድ ዋና ምግባቸው ጓያ እንዲሆን ተደርጎ ብዙዎቹ ሽባ ሆነዋል። የበሽታውን መንሥኤ ለይቶ ያወቀው ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ነው።

በአገራችን በ1969 ዓ.ም. በደምቢያና በፎገራ ወረርሽኝ ታይቷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች ባደረጉት ጥናት የበሽታውን ስፋት ለዓለም አስታውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ባለው ጊዜ ደግሞ በወሎ፣ በደላንታ ዳውንት፣ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ተጠቅተዋል። ይህን ወረርሽኝ ያጠኑት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ውጤት ለእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ ትልቅ ትምህርት ነው። ጓያን በእሸቱ፣ በንፍሮና በቆሎ መልክ የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉትና ሽንኩርትና ቅመም ከገባበት ወጥ ጋር የተመገቡት ግን አደጋው ቀንሶላቸዋል። ይህም ከላይ ስለ ድኝና ስለ ግሉታታዮን ከተነገረው ጋር ይስማማል።

በሕዝቡ ዘንድ ስለ መንሥኤው የተለያየ እምነት አለ። በጓያ ማሳ ውስጥ ማለፍ፣ በገለባው ላይ መተኛት ወይም የሚቀቀለው ጓያ እንፋሎት እግርን ያሽመደምዳል የሚሉ አሉ። መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባው ግን በአፍ፣ በምግብ ነው። ሰው ማሳውንና እንፋሎቱን እየሸሸ ንፍሮውን በየቀኑ ቢበላ ከበሽታው አያመልጥም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጓያ ከዕለቱ ምግብ ከሦስት እጅ አንዱን እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ቂጣው ወይም እንጀራው ከጤፍ፣ ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከበቆሎ ጋር ይቀላቀል።

ሁለተኛ፣ ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ጓያው በብዙ ውኃ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይደርና ውኃው ይደፋ። ከዚያም በሌላ ብዙ ውኃ ተቀቅሎ ያም ውኃ ይደፋ። ይህ መርዙን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ሆኖም ፈጽሞ አያጠፋውም። ውኃና ማገዶ በሌለበት ቤት ደግሞ ይህን ማድረግ ቀላል እንዳልሆነ መካሪው ሊያስብበት ይገባል።

ሦስተኛ፣ በመቁላት መተማመን አይገባም። እሳት ኢንዛይምን ያበላሻል፤ ኢንዛይም በረጅሙ የተጣጠፈ ፕሮቲን ነውና ቅርጹ ሲፈርስ ሥራው ይቆማል። ኦዳፕ ግን አንዲት ትንሽ አሚኖ አሲድ ስለሆነች ምጣድ ላይ ሙሉ በሙሉ አትጠፋም። ቆሎው ቢጣፍጥም መርዙ አብሮት አለ።

አራተኛ፣ እግሬ ከበደኝ፣ ተገተረብኝ የሚል ሰው ሲገኝ ጓያውን ወዲያው ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የተጎዳው ባይመለስም ጉዳቱ እንዳይብስ ይረዳዋል። በአንድ ቤት አንድ ሰው ከታመመ የቀረው ቤተሰብም ከዚያው ማዕድ እየበላ መሆኑን ማሰብ ይገባል።

አምስተኛ፣ መርዙ ያነሰበትን ዘር ማስፋፋት ነው። ዋሴ የተባለው ዝርያ ለዚሁ ዓላማ ለገበሬው ከተለቀቁት አንዱ ነው። ሆኖም የመርዙ መጠን እንደ ዝናቡና እንደ አፈሩ ስለሚለዋወጥ፣ ተሻለ የተባለው ዘርም ቢሆን ለወራት ብቻውን እንዲበላ አይመከርም።

ለእርዳታ ሠራተኛው የሚቀር ቃል

ጓያ እንዳይዘራ መከልከል መልስ አይሆንም። የኮትቻ መሬት ያለውን ገበሬ ጓያን ተው ማለት በክፉ ቀን ምንም አትብላ ማለት ነው። መልሱ ጓያ ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ነው።

ስለዚህ የምግብ ሁኔታን ለማጥናት ወደ ገበሬው ጎተራ የሚገባ ሠራተኛ ጓያ ሞልቶ ሲያገኝ “ይህ ቤት ምግብ አለው” ብሎ መዝግቦ እንዳይወጣ። ጎተራው ውስጥ ሌላ እህል አለ ወይ? ቤተሰቡ ጓያ ብቻውን መብላት ከጀመረ ስንት ሳምንት ሆነው? ብሎ ይጠይቅ። ጓያ ብቻ የቀረለት ቤት እህል እንዳለቀበት ቤት ሊቆጠር ይገባዋል። እርዳታውም የጓያው ወራት ከመርዘሙ በፊት መድረስ አለበት። በሁለተኛው ሳምንት የደረሰ አንድ ኩንታል ስንዴ የአንድን ቤተሰብ እግር ያድናል። በአራተኛው ወር የደረሰ ስንዴ ረኀቡን ያስታግሣል እንጂ የተሽመደመደውን እግር አያቀናም። በዚህ በሽታ ረገድ ዘግይቶ የመጣ እርዳታ ከነርቩ ላይ የደረሰውን ሊያነሣ አይችልም፤ የቀደመው ግን መድኃኒት ሆኖ ይቆጠራል።