ቡናው ሲወጣ ሸክላው ገባ

ሳልሳ የሚያገናኛቸው ሰዎችና የይርጋጨፌ ገበያ

ይርጋጨፌ ገበያ ውስጥ ባለሱቁን "ሳልሳ አለ?" ብሎ የጠየቀ ሰው የሚቀርብለት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው፡፡ በኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ ግን ይኸው ቃል የጥንድ ዳንስ መጠሪያ፣ የብዙ ሰዎችም እንጀራ ነው፡፡ የቃሉ ምንጭ አንድ ነው፤ ሳልሳ በጣሊያንኛም ሆነ በስፓኒሽ ስጎ ማለት ነው፡፡ ወደ እኛ ሱቅ የገባው በጣሊያኖች በኩል ሲሆን፣ በዳንሱ ዓለም የገነነው ደግሞ በኒውዮርክ የሸክላ ነጋዴዎች በኩል ነው፡፡

የዳንስ ጉዳይ በገበያ ገጽ ላይ ምን ይሠራል? መልሱ የቡና ሰዎች አዘውትረው በሚጠሩት አንድ ቃል ውስጥ አለ፤ ትስስር፡፡ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. የቡናን ግብይት ከያዘ በኋላ ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ስለነበር፣ የውጭው ገዢ የየትኛውን ማጠቢያ ጣቢያ ቡና እንደገዛ ለማወቅ ይቸገር ነበር፡፡ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ በወጡ ማሻሻያዎች ግን የቡናው ምንጭ ተለይቶ እንዲታወቅ፣ አቅራቢና ላኪም በቀጥታ እንዲተሳሰሩ መንገድ ተከፍቷል፡፡ መንገዱ ሲከፈት አንድ የቆየ ዕቃ እንደገና ዋጋ አወጣ፤ ትውውቅ፡፡ ትውውቅ እንዴት እንደሚመረትና እንዴት ወደ ገንዘብ እንደሚለወጥ፣ አንዳንዴም እንዴት ባክኖ እንደሚቀር ለማየት የሳልሳ ታሪክ ጥሩ መማሪያ ነው፡፡

የወጥ ቤት ቃል የንግድ ስም ሲሆን

የሳልሳ ሥሩ ኩባ ነው፡፡ ሶን የተባለው ዜማ የበቀለው በምሥራቅ ኩባ ነው፡፡ ከሄይቲ የሸሹ የፈረንሳይ ባለርስቶች በ19ኛው መቶ ዘመን የቡና እርሻ ያስፋፉትም በዚያው በምሥራቁ ተራራማ አካባቢ ነበር፡፡ ሶን ከሩምባና ከሌሎች የካሪቢያን ምቶች ጋር ሆኖ ኒውዮርክ ደረሰ፡፡ እዚያም የፖርቶ ሪኮ ስደተኞች ከጃዝ ጋር ቀላቅለው የራሳቸው አደረጉት፡፡

እ.ኤ.አ. በ1964 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣው ሙዚቀኛ ጆኒ ፓቼኮና ጠበቃው ጄሪ ማሱቺ ፋኒያ የተባለ የሸክላ ኩባንያ አቋቋሙ፡፡ አጀማመራቸው ለማንኛውም የመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አይሆንም፡፡ ሸክላውን መኪና ኋላ ጭነው በየሱቁ እየዞሩ ያከፋፍሉ ነበር፡፡ የሚሸጡት ሙዚቃ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ሶን፣ ጓራቻ፣ ማምቦ፣ ቦሌሮ፡፡ ገዢ ሁሉንም በስሙ እየጠራ አይጠይቅም፡፡ ስለዚህ ሁሉም "ሳልሳ" በሚል አንድ ስም ለገበያ ቀረበ፡፡ ዜማው ቀድሞ የነበረ ቢሆንም ስሙ ገበያውን አሰፋው፡፡

የስምን ዋጋ ይርጋጨፌ አሳምራ ታውቀዋለች፡፡ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር የተፈጠረው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጭቷል፡፡ የአንዲት ከተማ ስም ብቻውን ለክርክር የሚያበቃ ሀብት መሆኑ በዚያን ጊዜ ታይቷል፡፡

ቡናና ሸክላ በአንድ ወደብ

ለቡና ነጋዴ ከሁሉም ይልቅ ቅርብ የሆነው ታሪክ የካሊ ነው፡፡ ካሊ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን በሯ የቡዌናቬንቱራ ወደብ ነው፡፡ ወደቡ ለረጅም ጊዜ የኮሎምቢያ ቡና ከሚወጣባቸው ዋና ዋና በሮች አንዱ ነበር፡፡ መርከበኞች ቡና ጭነው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ከኩባ፣ ከፖርቶ ሪኮና ከኒውዮርክ የተገኘ ሸክላ ይዘው ይመጣሉ፡፡ ሸክላው ከወደቡ ወደ ካሊ ዳንስ ቤቶች ይሻገራል፡፡ በዚህ ዓይነት ቡናው ሲወጣ ሸክላው ገባ፡፡

የካሊ ሰዎች ዕቃውን እንደመጣ አልተጠቀሙበትም፡፡ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በደቂቃ 33 ጊዜ እንዲዞር የተሠራውን ሸክላ በ45 ፍጥነት ያጫውቱት ጀመር፡፡ ዜማው ፈጠነ፤ ከዜማው ጋር ለመሄድ እግርም ፈጠነ፡፡ ዛሬ ካሊ የምትታወቅበት ፈጣን የእግር አጣጣል በዚህ መንገድ እንደተፈጠረ ይነገራል፡፡ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነበር፤ እሴት የተጨመረው አገር ቤት ነው፡፡

ከዚያ በኋላ ንግዱ ተከተለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው የካሊ ዓመታዊ ትርዒት ዛሬ ታኅሣሥ 25 ቀን (እ.ኤ.አ.) ሳልሶድሮሞ በተባለው የዳንሰኞች ሰልፍ ይከፈታል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮም የዓለም የሳልሳ ውድድር ይካሄድባታል፡፡ የዳንስ ትምህርት ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ የባንዱ አባላት፣ ሆቴሉና ታክሲው ሁሉ ከዚሁ ይቋደሳሉ፡፡ ዳንሱን ለመማር ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው እንግዳም ለትምህርቱ ብቻ ከፍሎ አይመለስም፤ ይተኛል፣ ይበላል፣ ቡናም ይጠጣል፡፡

የአንድ ዘፈን ውል

ሳልሳ በስምንት ቆጠራ የሚሄድ ዳንስ ነው፡፡ በአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እግር ይንቀሳቀሳል፤ አራት ላይ ያርፋል፡፡ በአምስት፣ ስድስት፣ ሰባት እንደገና ይንቀሳቀሳል፤ ስምንት ላይ ያርፋል፡፡ የዳንሱ አወቃቀር በየአገሩ ቢለያይም ቆጠራው የጋራ ስለሆነ፣ ቶኪዮ የተማረ ሰው ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ ላይ ከማያውቀው ሰው ጋር መደነስ ይችላል፡፡ ቋንቋ አያስፈልገውም፤ አስተዋዋቂም አይሻም፡፡ አንዱ እጁን ይዘረጋል፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ተመሰጋግነው ይለያያሉ፡፡ ለአራትና ለአምስት ደቂቃ የሚጸና ውል ነው ማለት ይቻላል፡፡

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ የግብይት ወጪን መቀነስ ይባላል፡፡ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ለመተማመን የሚያወጡት ጊዜና ገንዘብ ከፍተኛ ነው፡፡ ዱቤ የሚሰጥ ሰው ያጣራል፣ ዋስ ይጠይቃል፣ ደላላ ይቀጥራል፡፡ ሁሉም የሚያውቀው መለኪያ ሲኖር ግን ይህ ወጪ ይቀላል፡፡ ለቡና ቀማሽ ነጥብ አሰጣጡ ይህን ሥራ ይሠራል፤ ለሳልሳ ደናሽ ስምንቱ ቆጠራ፡፡

ሩዌዳ የሚባለው የኩባ አደናነስ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል፡፡ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሃቫና ውስጥ የተጀመረ ሲሆን፣ ጥንዶች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ እንደ እኛ አገር ዘፈን አውራጅ ያለ አንድ ሰው ቀጣዩን እንቅስቃሴ ይጠራል፡፡ "ዳሜ" ሲል ሁሉም በአንድ ጊዜ ጓደኛ ይለውጣል፡፡ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው ክቡን በሙሉ ያዳርሳል፡፡ ሁሉም በሚሰማው ጥሪና ሁሉም በሚያውቀው ምልክት መገናኘት ለቡና ነጋዴዎችም እንግዳ አይደለም፡፡ የምርት ገበያው ግብይት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ከመዛወሩ በፊት ገዢና ሻጭ በጩኸት ተጠራርተው፣ እጅ ለእጅ ተማትተው ዋጋ ያጸኑ ነበር፡፡

ከኩባ የመጣው ትውውቅ

ኢትዮጵያ ለሳልሳው ዓለም ባዕድ አይደለችም፡፡ የቡና አገር በሆነችው ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ "አፍሮ ላቲን ሶል" የተሰኙ ሁለት አልበሞችን አሳትመዋል፡፡ በዚያ ሥራ አብረዋቸው የተጫወቱት በአብዛኛው የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ነበሩ፡፡ በኋላ ኢትዮ ጃዝ በተባለው ሙዚቃቸው ውስጥ የሚሰማው የኮንጋ ከበሮ የዚያ ትውውቅ ፍሬ ነው፡፡ ያም ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው "ብሮክን ፍላወርስ" በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ሲሰማ አዲስ ገበያ አግኝቷል፡፡

ሁለተኛው መንገድ በጦርነት የተከፈተ ነው፡፡ ከሶማሊያ ጋር በተደረገው የ1969 እና 1970 ዓ.ም. ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈዋል፤ የወደቁት ኩባውያን መታሰቢያም አዲስ አበባ በትግላችን ሐውልት ይገኛል፡፡ ከጦርነቱ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች "የወጣቶች ደሴት" ወደተባለችው የኩባ ደሴት ለትምህርት ተላኩ፡፡ ብዙዎቹ የጦርነቱ ወላጅ አልባዎች ነበሩ፡፡ ግማሹን ቀን ይማራሉ፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ይሠራሉ፡፡ ከየአፍሪካው አገር ከመጡ ተማሪዎች ጋር ስፓኒሽ እየተናገሩ አደጉ፡፡ ዳንሱም ከቋንቋው ጋር አብሮ መጣ፡፡

እነዚህ ሰዎች ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያ ሆነው ተመለሱ፡፡ ይሁንና ወደ ሥራ በገቡበት ዘመን ሁለቱንም አገሮች የያዛቸው የሶሻሊስት ዓለም ፈረሰ፡፡ የኢትዮጵያና የኩባ ወዳጅነት ቢቀጥልም ንግዳቸው አነስተኛ ሆኖ ቀረ፡፡ በሺዎች የሚቆጠር ስፓኒሽ ተናጋሪ፣ ከላቲን አሜሪካ ጋር ለመነገድ የተመቸ ትውልድ ነበር፤ ትውውቁን ወደ ንግድ የሚያሻግር ደላላ ግን አላገኘም፡፡ ካሊ ከመርከበኞች ሻንጣ ኢንዱስትሪ ስታወጣ፣ እኛ ከአንድ ደሴት ሙሉ ትውውቅ በዋናነት ያተረፍነው ትዝታን ነው፡፡ ዛሬ በአዲስ አበባ በአንዳንድ ሆቴሎችና ክበቦች የሚታዩት የሳልሳ ምሽቶች ከዚያ ቅርስ ይልቅ ከዓለም አቀፉ ፋሽን ጋር ይበልጥ የተያያዙ ናቸው፡፡

ይርጋጨፌ ምን ታትርፍ?

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይርጋጨፌ ስሟ በቶኪዮና በሲያትል ቡና ቤቶች ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል፡፡ ስሙን አይቶ የመጣው ገዢ ግን ብዙ ጊዜ ማጠቢያ ጣቢያውን ያያል፣ ቡናውን ይቀምሳል፣ ፎቶ ያነሳል፤ ሲመሽ ወደ ዲላ ወይም ወደ ሐዋሳ ይመለሳል፡፡ ከአቅራቢው ጋር የተያያዘው ትውውቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ዕድሜ ብቻ ይኖረዋል፡፡ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋ ሲወጣና ሲወርድ ያንን ውል የሚያጸና ሌላ ክር አይኖርም፡፡

ሦስት የቡና መልክዓ ምድሮች ከዚህ ጋር አብረው መታየት አለባቸው፡፡ ዩኔስኮ የምሥራቅ ኩባን ጥንታዊ የቡና እርሻዎች እ.ኤ.አ. በ2000፣ የኮሎምቢያን የቡና ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፡፡ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ማለትም እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፎች ተደራርበው የሚበቅሉበት የጌዴኦ ጓሮ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል፡፡ ሁለቱ አገሮች ለእንግዳው ቡናም ዜማም ያቀርባሉ፡፡ ሦስተኛው ጋ ያለው ቡና ከሁለቱም አያንስም፤ ምሽቱ ግን ገና ባዶ ነው፡፡

ይህ ማለት ይርጋጨፌ የሳልሳ ዳንስ ቤት ትክፈት ማለት አይደለም፡፡ ቢከፈትም ክፋት የለውም፤ ዋናው ነገር ግን አሠራሩ ነው፡፡ ጌዴኦ ደራሮን የመሰለ የምስጋና በዓል፣ የራሱ ዘፈንና የራሱ ጭፈራ አለው፡፡ ካሊ በውሰት ዜማ የሠራችውን ጌዴኦ በገዛ ገንዘቡ መሥራት ይችላል፡፡ የሚያስፈልገው የሳልሳ ወዳጆች በየከተማው ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፡፡ ቀኑ የታወቀ ምሽት፣ ለእንግዳ ክፍት የሆነ በር፣ እርምጃውን ለጀማሪ የሚያሳይ ሰው፣ ጓደኛ የሚያለዋውጥ አውራጅ፡፡ ገበሬው፣ አቅራቢው፣ ላኪውና ገዢው በአንድ ክብ የሚቆሙበት አንድ ምሽት ቡናው በሚለቀምበት በጥቅምትና በጥር መካከል ቢዘጋጅ፣ ወጪው የሚወድቀው በሆቴል ባለቤቶች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በላኪዎች ላይ ነው፡፡ ትርፉ እንግዳው አንድ ሌሊት ሲጨምር በመኝታ፣ በእራትና በመኪና ኪራይ ወዲያው ይታያል፡፡ ትልቁ ትርፍ ግን በሚቀጥለው ዓመት በሚመጣው ስልክ ነው፡፡

ጥንቃቄም ያስፈልጋል፡፡ በደንብ የሚደንስ ሁሉ በደንብ አይከፍልም፡፡ ፋኒያ ራሱ ጭፈራ ያቀራረባቸውን ሰዎች ሒሳብ ሲያራርቃቸው አይቷል፤ ሙዚቀኞቹ በክፍያ ጉዳይ ቅሬታ አሰምተዋል፣ ፍርድ ቤት የሄዱም አሉ፡፡ ወዳጅነት የውልን ቦታ አይተካም፤ የናሙናን፣ የሚዛንንና የባንክ ሰነድን ቦታም አይተካም፡፡ የሚሠራው ከእነርሱ በፊትና ከእነርሱ በኋላ ነው፡፡ ከውሉ በፊት ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ያቀራርባል፤ ከውሉ በኋላ ደግሞ ዋጋ ሲናጋ ከመሸሽ ይልቅ ስልክ አንስቶ ለመነጋገር ምክንያት ይሆናል፡፡

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፡፡ የይርጋጨፌ ቡና በጅቡቲ በኩል በየዓመቱ ይወጣል፡፡ በዚያው መንገድ እስካሁን የሚመለሰው በአብዛኛው ዶላሩ ነው፡፡ ሰውየውም እንዲመለስ የሚያደርግ ምክንያት ማዘጋጀት የነጋዴው ድርሻ ነው፡፡