ጉልበትዎን ሲያምዎት

በፊዚዮቴራፒ ክፍላችን «ስላመመኝ መንቀሳቀስ ትቻለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዕድሜ ጋር በሚመጣ የጉልበት ሕመም ግን ጨርሶ መተኛት ጡንቻውን ያደክማል፣ ሕመሙንም ያብሳል። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ እግርዎን ቀጥ አድርገው ያንሱ፤ 5 ሰከንድ ያቆዩና ቀስ ብለው ያውርዱ። 10 ጊዜ ይድገሙት፤ ከዚያ ሌላኛውን። ጠዋት ለሚተሳሰር ጉልበት ሙቅ ፎጣ ደህና ነው። በርጩማውንም ከፍ ባለ ወንበር ይተኩት።

ጨጓራ ወይም ኩላሊት የሚያምዎት ከሆነ ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ያበጠ ጉልበት ደግሞ እባክዎ በወጌሻ አይታሽ!

መገጣጠሚያው በድንገት አብጦ ከቀላና ከጋለ፣ በተለይ ትኩሳት ካለዎት፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ይህ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ለዘለቄታው ሊያበላሽ ይችላል። እንዲህ ከሆነ፣ ወይም ወድቀው መቆም ካቃተዎት፣ ሳያድሩ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ።