ዘንዶ ገዳዩ ማን ነው?

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሳጥኖች ከፋፍሎ የሚተርከውን የሸራ ሥዕል በስጦታ ዕቃ ሱቆች ያላየ ጥቂት ነው። ገበያተኛው ሰሎሞንን ይፈልጋል፤ እኔን የሚስቡኝ ግን የመጀመሪያዎቹ ሳጥኖች ናቸው። አርዌ የሚባል ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡን ያስገብራል። አጋቦስ የሚባል ሰው መርዝ ቀምሞ ለፍየል ያበላል፤ ዘንዶው ፍየሉን ውጦ ይሞታል፤ አጋቦስም ይነግሣል።

ዘንዶ ገዳይ በየአገሩ አለ። በባቢሎን ማርዱክ ቲያማትን፣ በሕንድ ኢንድራ ቭሪትራን ይገድላል። የግሪኩ ፐርሲየስ የባሕር አውሬ ገድሎ ከዐለት የታሰረችውን አንድሮሜዳን ያገባል። ቅዱስ ጊዮርጊስንማ ማን ያጣዋል? እንዲህ ከሕዝብ ሕዝብ የሚደጋገም ገጸ ባሕርይ ወይም ሁኔታ አርኪታይፕ ይባላል።

ለምን ይደጋገማል? የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ፣ የሰው ልጅ ሁሉ በጋራ የሚወርሰው ድብቅ የአእምሮ ክፍል ስላለ ነው ይላል። ሐሳቡ ያምራል፤ መፈተኑ ግን ይከብዳል። ሊን ኢስቤል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ይበልጥ የሚጨበጥ መላ ምት አቀረበች፦ የጦጣና የሰው ቅድመ አያቶች ዓይንና አንጎል የተቀረጸው በከፊል በእባብ ስጋት ነው። በ2013ም እሷ የተሳተፈችበት ጥናት በጦጣዎች አንጎል ውስጥ ለእባብ ሥዕል ከሌሎች ሥዕሎች ይልቅ ፈጥነው የሚነቁ ሕዋሳት አገኘ። ይህ ፍርሃቱን ያስረዳ ይሆናል። ገዳዩ ለምን ዙፋን ላይ እንደሚወጣ ግን አይነግረንም። ደግሞም መደጋገሙ የግድ ከአንጎል ላይመነጭ ይችላል፤ ተረት ከነጋዴና ከመነኩሴ ጋር አገር ያቋርጣል።

ሩሲያዊው ቭላድሚር ፕሮፕ በ1928 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን ተረቶች በ31 የድርጊት ዓይነቶች ተንትኗል፤ የመጨረሻው ጀግናው አግብቶ መንገሡ ነው። አጋቦስን በዚህ ስንለካው ሠርጉ የለም፣ ሰይፉም የለም። ቭሪትራ ውኃ ያገደ አውሬ ነው፤ አርዌ ግን ራሱ ንጉሥ ነው። ስለዚህ የእኛው ተረት፣ በእኔ ግምት፣ ከጀግንነት ይልቅ የሥልጣን ተረት ነው።

ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1904 ያሳተመው የትግረ ትረካ ደግሞ ከዚህም ያፈነግጣል። በኋላ ንግሥተ ሳባ የምትሆነው ልጅ ለዘንዶው ዛፍ ላይ ትታሰራለች፤ ቅዱሳን ደርሰው በመስቀል ይገድሉታል። ደሙ ተረከዟ ላይ ጠብ ብሎ እግሯን የአህያ ሰኮና ያስመስለዋል። ሕዝቡም ይሾማታል፤ ወደ ሰሎሞን የምትሄደው ያንን እግር ለመፈወስ ነው። አንድሮሜዳ ከዐለቱ ተፈትታ ሚስት ሆነች፤ ይህችኛዋ ግን ገዢ ሆነች።